ሲሰጡን ያልተቀበልናቸው፦ የወይዘሮ ቦርግሂልድ ኔስ ሕይወት (1931–2013)

ወይዘሮ ቦርግሂልድ ኔስ በምዕራብ ኖርዌይ፣ በሃልሞይ ደሴት፣ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ራስሙስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሌኔ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1931 ተወለዱ። ክርስትና የተነሡት ዛሬ አስከሬናቸው ባረፈበት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። በደሴቲቱ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት ተምረዋል። ከዚያ በላይ ለመማር ወደ ዋናው ምድር መሻገር ያስፈልግ ነበርና እዚያው ቀሩ።

ከልጅነታቸው አንድ ቀን ደጋግመው ያነሡ ነበር። በ1947 የካቲት፣ የሄሪንግ ዓሣ መንጋ ከቤታቸው ፊት ለፊት ወዳለችው ትንሽ ሰላጤ ገባ፤ አባታቸውም አፏን በመረብ ዘጉ። በደሴቲቱ ልማድ ዓሣው የዘጋው ሰው ሀብት ነው። በዚያ ወር ግን የሌሎቹ ጀልባዎች ባዷቸውን ይመለሱ ነበር። አቶ ራስሙስ ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ ጠርተው፣ «ጀልባችሁን ይዛችሁ ግቡ» አሉ።

«ራስሙስ፣ አብደሃል እንዴ? ዕድሜ ልክህን የሚያኖርህ ሀብት እኮ ነው!» አላቸው ወንድማቸው።

«እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ያመጣው ለእኔ ሆድ መሰለህ?» ብለው መለሱለት።

ያን ቀን ሃያ ሦስት ጀልባዎች እስከ አፋቸው ሞሉ። ወይዘሮ ቦርግሂልድ ያዩትን አልረሱም። በገዛ ቤታቸው ማዕድ ሲቀርብ ሁልጊዜ የሚጸልዩት አጭር ጸሎት ነበራቸው፦ «ጌታ ሆይ፣ ከእኛ የተረፈውን ማን እንደሚፈልገው አሳየን።»

በ1954 ከአቶ ሲቨርት ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ። ልጅ አልወለዱም። በ1958 ደሴቲቱ የጸሎት ቤት ስትፈልግ፣ ባልና ሚስቱ ከማሳቸው ለም የሆነውን፣ ድንች የሚተከልበትን የላይኛውን መሬት ሰጡ። ዛሬ ከቀብር በኋላ የምንሰበሰብበት ቤት የቆመው በዚያ ላይ ነው። አቶ ሲቨርት በ1969 በየካቲት ማዕበል ከነጀልባቸው ሰጠሙ። አስከሬናቸው አልተገኘም።

በ1973 መከር፣ ኦድላውግ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳታገባ አርግዛ ተገኘች፤ ቤት ያከራዩዋት ሰዎችም ሻንጣዋን ደጅ አወጡት። ወይዘሮ ቦርግሂልድ ሻንጣዋን ከዝናብ አንሥተው ወደ ቤታቸው ወሰዷት። የሕፃኑ አባት ማን እንደሆነ እዚህ ከተቀመጥነው ሽማግሌዎች የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አይጻፍም።

በሳምንቱ የጸሎት ቤቱ መሪ አቶ ሐልቫርድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

«እህት ቦርግሂልድ፣ ልጅቷን አሰናብቻትና ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ» አሉ።

«የት ላሰናብታት ወንድም ሐልቫርድ? አንተ ቤት?»

አቶ ሐልቫርድ ፊታቸው ቀላ። «እኛ የምንለው ስለ ጉባኤው ስም ነው።»

«ጉባኤው የሚጸልይበትን መሬት እግዚአብሔር ለእኛ ሰጠን፣ እኛ ለእናንተ ሰጠን። ለዚች ልጅ አንድ አልጋ ብትደርሳት ከማን ይጎድላል? በሉ ተቀመጡ፣ ቡናው ፈልቷል።»

አልተቀመጡም። ወይዘሮ ቦርግሂልድ ከጉባኤው ተባረሩ የሚል ቃልም አልወጣም። ብቻ በቀጣዩ ሐሙስ ከጸሎት በኋላ በሚቀርበው የኅብረት ማዕድ፣ ወይዘሮ ቦርግሂልድ ይዘውት የመጡትን ሌፍሴ፣ ማለትም ስሱን የድንች ቂጣ፣ የነካ ሰው አልነበረም። ከግራውም ከቀኙም ያለው ሰሃን ባዶ ሆነ፤ የእርሳቸው እንደተቆለለ ቀረ። በሚቀጥለው ሐሙስም ይዘው መጡ። አሁንም አልተነካም። በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

በ1974 የተወለደችው የኦድላውግ ልጅ ሶልሩን ዓርብ ዓርብ በየሰው ቤት ሌፍሴ የሚበላ ይመስላት ነበር። ቤታቸው የሚበሉት ሐሙስ ሳይነካ የተመለሰው መሆኑን ያወቀችው ትምህርት ቤት ገብታ፣ ልጆች ሲስቁባት ነው።

ይህን ታሪክ የጻፈችው የወንድማቸው ልጅ ማግንሂልድም ከበደሉ ንጹሕ አይደለችም። በ1976 ወይዘሮ ቦርግሂልድ በሰው ሁሉ ፊት ሰሃኑን በእጃቸው ይዘው፣ «ማግንሂልድ፣ አንቺ እንኳ ቅመሺልኝ» ብለው ለመኗት። «ጠግቤያለሁ፣ አክስቴ» አለች። አልጠገበችም ነበር። አክስቷ ሰሃኑን ወደ ቦታው መልሰው የወደቀ ፍርፋሪ በመዳፋቸው ጠረጉ።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ይዘው መምጣቱን ተዉ። እጃቸው ደክሞ ነው ተባለ። እጃቸው ግን አልደከመም። በዚያው ዘመን ከስሪላንካ ጦርነት ሸሽተው ለፋብሪካው ሥራ የመጡ ሰዎች እሑድ እሑድ በወይዘሮ ቦርግሂልድ ማዕድ ላይ ይቀመጡ ነበር። እነርሱ ይበሉላቸው ነበር። እኛ ግን ከሰንበት ትምህርት ያልተማርነውን ከእነርሱ ተማርን ማለት አይቻልም፤ ያን ጊዜም አይተን አልፈናል።

ከ2008 ጀምሮ ዓይናቸው አላይ አለ፣ ልባቸውም ደከመ። ነርስ የሆነችው ሶልሩን ከበርገን ተመልሳ አስታመመቻቸው። በኅዳር 2012 ከጸሎት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ስለ ቀደመው ነገር ይቅርታ ይጠይቃል፤ አቶ ሐልቫርድን ጨምሮ ስምንት ሰዎች ፈርመውበታል። ሶልሩን ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«አንዴ ድገሚልኝ ልጄ» አሉ። ደገመችላቸው።

«በደንብ ተጽፏል። ማን አመጣው?»

«ፖስተኛው ነው፣ እማማ።»

የአቶ ሐልቫርድ ቤት ከወይዘሮ ቦርግሂልድ ወጥ ቤት መስኮት ይታያል። እርሳቸው ግን፣ «ውጭው ብርድ ነው፤ ለፖስተኛው የሚበላ ነገር ሰጠሽው?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ ቦርግሂልድ ኔስ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው መጋቢት 3 ቀን 2013 እሑድ ረፋድ ላይ አረፉ። ከእርሳቸው በኋላ የቀሩት እንደ ልጅ ያኖሯት ኦድላውግ፣ እናቴ ስትላቸው የኖረችው ሶልሩን ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ እና የወንድማቸው ልጅ ማግንሂልድ ናቸው።

ሳይሰስት የሚሰጥ አምላክ ነፍሳቸውን በማዕዱ ዙሪያ ያስቀምጥ፤ እዚያ እጃቸውን የሚመልስ የለም። እኛንም በሕይወት ሳለን የተዘረጋልንን እጅ መቀበል ያስተምረን። አሜን።