ከውጭ የሚቆለፈው በር

ልጄ፣ አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያውም ተጠግኖ ማፍሰሱን ተወ።

ገዳዮቹ መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ አንድ ሰው በሩን ከውጭ ይቆልፍብናል፤ ባዶ እንዲመስል። እሱ ግን ሊከፍትልን ደጅ ይቀራል። ባለፈው እሁድ ተራው የጎረቤታችን፣ የልብስ ሰፊው፣ ነበር። ገዳዮቹ መጥተው ቁልፉን ቢጠይቁት "እኔ ምን አውቄ" አለ። ሲደበድቡት ውስጥ ሆነን አፋችንን በእጃችን አፍነን ሰማን። ምንም ሳይናገር ሞተ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሊከፍቱልን የመጡ ሰዎች ቁልፉን ጫማው ውስጥ አገኙት።

የፊታችን እሁድ ተረኛው አባትሽ ነው። ቁልፉን ዱቄት ውስጥ ደበቅኩበት። ቤቱን ሲያምስ ውሎ፣ "የሰፊው ሚስትም እኮ ቁልፉን መደበቂያ አላጣችም ነበር" ቢለኝ አፍሬ አወጣሁለት።

እባክሽ የዚያን ዕለት ጠዋት አትደውዪ፤ የስልኬን ድምፅ ማጥፋት አልችልበትም። ዘመንሽ ይባረክ። ማታ እኔው እደውላለሁ፤ ቀድሞ የሚያናግርሽ አባትሽ እንዲሆን ጸልዪ።