ምች ያልነው ሞት

ማክሰኞ፣ የካቲት 24 ቀን 79 ዓ.ም.፣ ማታ

አንሶላ ሳጥፍ ዋልኩ። ከሆቴሉ ማድረቂያዎች አንዱ ተበላሽቷል፤ ግማሹ እርጥቡን እየመጣ እንደገና ይመለሳል። ክንዴ ዝሏል። የትናንቱን ምስር አሙቄ ቀመስኩ። ደብተሬ፣ ሰነበትን። የሚጻፍ አልነበረም። ዛሬ አለ።

ሂሩት መጣች፣ ከሐኪም ቤት በቀጥታ። ልጄ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፤ አራተኛ ወሯ ነው። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። ሽንቷ ውስጥም ደም ተገኝቷል። ዶ/ሩ አባትሽ በምን ሞተ ብሎ ጠየቃት። አያትሽስ? አጎቶችሽስ? ከቤተሰቡ ኩላሊት ያመመው ሰው አለ?

አባቴን ፀሐይ መታው አልኩት አለችኝ። በረሃ ላይ ነበር ወይ አላት። የለም፣ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ነው አለችው። "እማዬ፣ ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ።" ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። 

በዘር የሚወርድ የኩላሊት በሽታ አለ አሉ። ኩላሊት ውኃ በቋጠሩ ከረጢቶች ይሞላል። ከወላጅ አንዱ ካለበት፣ ለልጅ የመድረሱ ነገር ግማሽ በግማሽ ነው። በሚመጣው ማክሰኞ በአልትራሳውንድ ያዩዋታል። እስከዚያ የአባቷን ወገን አጠያይቃ እንድትመጣ አዟታል።

አንቺ ታውቂያለሽ አይደል አለችኝ። አላውቅም። ምች ነው የማውቀው።

ረቡዕ 25፣ አውቶቡስ ሳይመጣ

ለአንተም፣ ደብተሬ፣ ጽፌልህ አላውቅም። አሁን ልጻፈው።

ናዝሬት፣ የግንቦት ቅዳሜ። ግዛው ከጠዋቱ ጀምሮ ማጅራቴን ያዘኝ ይል ነበር። ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ራሱን አጠብኩት። ገና ሳይደርቅ በርበሬውን ከወፍጮ ቤት አምጣልኝ አልኩት። ባሌ እምቢ አያውቅም። ፎጣ እንኳ ሳይደርብ ወጣ፤ ፀሐዩ እንደ ምጣድ። በርበሬውን ይዞ ተመለሰ። ራሴን፣ ራሴን አለ። አስመለሰው። ዳማከሴ ጨምቄ በአፍንጫው ጠብ አደረግሁለት። እሑድ ሳይነጋ አለፈ። ሂሩት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

እህቱ እትዬ ዘነበች ለቅሶው መሀል ቆማ ደረቷን እየመታች ሙሾ አወጣች፤ "ራሱን አጥባ ለፀሐይ ሰጠችው!" ሌሎቹ ተቀበሏት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሙሾ ደግሞ አይመለስም፣ አፍ ላይ ይቀራል። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ እሰማ ነበር። ወይም የምሰማ ይመስለኝ ነበር።

ከግዛው ወንድምና እህቶች በሕይወት ያለችው እሷ ብቻ ናት። እሷም እንደኔ ባሕር ማዶ ናት፤ ማሪዬታ ከተማ፣ ልጇ ቤት። እኔ ኖርክሮስ። በሰው ሠርግና በሰው ለቅሶ ከሩቅ አንገት እንነቃነቃለን።

አውቶቡሱ መጣ።

ዓርብ 27

ደወልኩላት። ጤና ይስጥልኝ እትዬ አልኩ። ማነሽ አለች። ድምፄን ታውቀዋለች። ነገሩን አስረዳሁ፤ ሂሩትን፣ ሐኪሙን፣ ጥያቄውን። ከዚያ፦ "እኛ ዘራችን ንጹሕ ነው። ወንድሜ በምን እንደሞተ ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።" ዘጋችው።

የታጠበ ሳህን መልሼ አጠብኩ። ተናድጃለሁ። ለልጄ ነው የጠየቅኩሽ፣ ለራሴ ነው እንዴ? ይህን ሁሉ ለሳህኑ ነገርኩት። ለእሷ ግን እሺ ብቻ ነው ያልኩት። ያንንም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ።

እሑድ 29፣ ከሰዓት በኋላ

ሂ. የስልኩን ስትሰማ፣ "በስልክ አይሆንም፣ እማዬ፤ ፊት ለፊት ነው" አለችና ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ማሪዬታ ነዳች። ሳንደውል። ሰው ቤት ሳይደውሉ መሄድ እዚህ ነውር ሆኗል፤ እኛ ዘንድ ግን ለለቅሶና ለእርቅ ማን ደውሎ ይሄዳል?

እ. ዘነበች በሩን ከፍታ እኔን ሳይሆን የሂሩትን ሆድ አየች። "ነይ ግቢ አንቺ፣ ብርድ ላይ አትቁሚ።" እኔም ተከትዬ ገባሁ። ልጇ ዳዊት ሥራ ላይ ነው። ሶፋው ላስቲክ ለብሷል፤ ስንቀመጥ ይንጫጫል። ሻይ አቀረበች። ስለ ዳዊት አወራች፤ ሊያጭ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይላካል። ሂሩት እያዳመጠች ቆይታ፣ "አክስቴ፣ እኔ ፈርቻለሁ" አለች።

እ. ዘነበች ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ቆማ ነው የተናገረችው፣ ጀርባዋን ሰጥታን።

የአባታቸው ወገብ ግራና ቀኝ አብጦ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ሽንቱ የሥጋ እጣቢ ይመስል ነበር። ሲሞት ለሰው መጋኛ ነው ተባለ። ታላቅ ወንድማቸው ታደለ ራሱን ይዞ የወደቀው በነሐሴ ነው፤ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ ለቀናት ሳይታይ፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ። እሱንም ምች ነው አሉ። በዝናብ ምች! ማንም አልጠየቀም።

ለምን? አለች ሂ.።

"ያልታጨን ሁለት ሴቶች ነበርንና ቤቱ ውስጥ። ሽማግሌ ሲመጣ ዘር ይቆጠራል፣ ልጄ። ሆዳቸው የሚያብጥ፣ ደም የሚሸኑ ናቸው ከተባለ ማን ይወስደናል? እናታችን አስማለችን።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ግዛው የሞተ ዕለት ያው እንደሆነ አውቃ ነበር። ታደለን ያየ ያውቀዋል አለች። "ሙሾው አፌ ላይ መጣ። የሚያርፍበት ሰው ፈለገ። አንቺ ባዳ ነበርሽ፣ ጽጌ።"

ውኃ ስጪኝ አልኳት። ሰጠችኝ። ጠጣሁ።

መኪና ውስጥ ሂ. ተናደድሽ ወይ አለችኝ። ራበኝ አልኳት። እውነቴን ነው። መንገድ ላይ ቆመን የተጠበሰ ድንች በላን፤ ከሷም ድርሻ ወሰድኩ።

ሰኞ 30

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሥራ ላይ አንሶላውን ዘርግቼ መሀሉ ላይ ቆምኩ። ፀሐዩ አይደለም። በርበሬው አይደለም። እኔ አይደለሁም። ይህን ለመስማት ስንት ስለት ተስያለሁ።

ነገር ግን እኔ ነፃ የምወጣው በሽታው የዘር ከሆነ ነው። የዘር ከሆነ ደግሞ ልጄ አለችበት። ሆዷ ውስጥ ያለውም። እንዲህ ያለ ነፃ መውጣት ምን ያደርግልኛል?

ስለዚህ እንዲህ ጸለይኩ፤ አትሳቅብኝ። ጌታዬ፣ ፀሐዩ ይሁን። እኔ የገደልኩት ይሁን። ለምጄዋለሁ፣ እችለዋለሁ። እሷን ተዋት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1

ንጹሕ! ሁለቱም ኩላሊቶቿ ንጹሕ ናቸው!

ፊደሉ ከተጣመመ ቻለው። ባሏ በትራክ ቴክሳስ ስለሆነ አብሬያት ገባሁ። ክፍሉ ጨለማ፣ መስኮት የመሰለ ነገር ላይ ግራጫ ደመና። መሣሪያውን የያዘችው ሴትዮ የሂሩትን ወገብ እየዳሰሰች ታያለች፤ ፊቷ ምንም አይናገርም። እኔ የማየው የሴትዮዋን ፊት ነው። ከዚያ ዶ/ሩ መጣ። በዚህ ዕድሜዋ ቢኖርባት ይታይ ነበር አለ። የለም። ደሙ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ነው፣ በመድኃኒት ይሄዳል። ግፊቷን ግን በየሳምንቱ ይለካሉ።

ልጁንም አሳዩን። እግሩን ሰበሰበና ዘረጋ። ሂሩት አለቀሰች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ሳቅሁ፤ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን። የምታልፍ ነርስ ምን ሆና ነው ብላ ዞራ አየችኝ።

ስንጨርስ አንድ ጥያቄ አለኝ አልኩ። ሂ. ልትተረጉም አቅማማች። "እማዬ፣ ይሄን ልበለው?" በይው አልኳት። የባሌን ራስ አጥቤ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ሰድጄዋለሁ፤ ያ ነው የገደለው ወይ?

አልሳቀም። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። እያንዳንዱን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ማጅራቱን ያመመው መቼ ነው፣ ማስመለሱስ፣ ወንድሙስ፣ አባቱስ። ይህ በሽታ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ራስ ውስጥ ያለው የደም ሥር ይሳሳል፣ አንድ ቀን ይፈነዳል አለ። በርግጥ ይህ ነው ማለት አልችልም፣ ግን ነገሩ ሁሉ ወደዚያ ያመለክታል። ውኃው አይደለም። ፀሐይ ላይ ቢሆን ጥላ ሥር ቢሆን ያው ነበር።

ሂሩት ስትተረጉም "ጥላ ሥር ቢሆን" ላይ ደገመችልኝ። ሳልጠይቃት።

አንድም ሳላጣ ሁለቱንም አገኘሁ፤ የልጄን ጤናም፣ የራሴን ነፃ መውጣትም። እንዲህ ይሆናል ብዬ መጸለይ እንኳ አልደፈርኩም ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 6

ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ይህንን ለመጻፍ ያህል ነው።

በኋላ፣ 10 ሰዓት

እ. ዘነበች ደወለች። ንጹሕ ነው አልኳት። በስልክ እልል አለች፤ ጆሮዬን አራቅሁ።

ጎኔን ያመኛል አለች ቀስ ብላ። ከርሟል። የግፊት ክኒንም እውጣለሁ፣ የቪታሚን ነው እለዋለሁ ለዳዊት። ሐኪም አይታው ታውቃለች ወይ አልኳት። "ቢገኝብኝስ? ሽማግሌዎቹ ምን ይባላሉ?" የእናቷ መሐላ ማሪዬታ ድረስ ተከትሏታል።

ቀድመሽ ታይተሽ በሽታው ከተገኘ ዳዊትም ያውቃል፣ ልጅቷም ታውቃለች፤ ሐኪሙ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል ብሎናል አልኳት። ካልተገኘም እንደ እኔ ስቀሽ ትወጫለሽ። ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ለእሷ ተናግሬ አላውቅም።

ይቅርታ አላለችም። እኔም አልጠበቅኩም። ግን እንዲህ አለች፤ "ብቻዬን አልገባም። አንቺ ካለሽ እገባለሁ።"

መልስ ሳልሰጥ ትንሽ ቆየሁ። ልቀጣት አልነበረም። የምትለምነኝን ድምፅ ልስማው ብዬ ነው። ከዚያ እሺ አልኳት፣ አሁን ስልኩ ሳይዘጋ።

ለሐሙስ ከሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ሁለታችንም መንዳት አንችልም፤ የሚወስደን ዳዊት ነው። ወዴት ነው የምወስዳችሁ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ እሷ ዝም ካለች፣ እኔ እነግረዋለሁ።