የአስረስ ሸሚዝ ከየትኛው ሣጥን

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1979። ማታ 1 ሰ.

ደብተሬ፣ ዛሬም የሐይቁ እርጥበት ጉድ ሠራኝ። ከቁራጭ ጨርቄ ሁሉ ከታች ያለው አቡጀዲ ሻግቷል። ሁሉንም አወጣሁ፣ አራገፍሁ፣ እንደገና አጠፍሁ። ካኪ ለብቻ። ቴትሮን ለብቻ። ከፋይ በነጠላ ተጠቅልሎ። በየመሀሉ አሪቲ፣ ለብል። ብሉ አሪቲን ይፍራ እንጂ እኔንስ ከናቀኝ ቆይቷል።

ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘይነባ መጥታ ሳቀችብኝ። ለድሪቶ ብርድ ልብስ የምሰበስበው ቁራጭ ቤቱን ሞላው፣ ሰው የት ሊተኛ ነው አለች። እሷ ራሷ የልጇን ቀሚስ ትራፊ ይዛ ነው የመጣች!

የእማዬ ሕግ እንደጸና ነው። የእንጨቱ ሣጥን በሕይወት ላሉ ሰዎች ጨርቅ፣ የቆርቆሮው ለሞቱት። ባንድ አያድሩም። የሞተው ያለውን ይጠራዋል ትላለች። የዘይነባ ልጅ ቀሚስ እንጨቱ ውስጥ ገባ። የአባዬ ካኪ ቆርቆሮው ውስጥ እንዳለ ነው።

የወንድሜ የአስረስ ሰማያዊ ሸሚዝ ብቻ ከሁለቱም የለም። ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት። ሸሚዙ በሳሙና ካርቶን፣ ለብቻው። እሱን አላራገፍሁትም። አልነካሁትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ላንተ ካልነገርሁ ለማን ልንገር።

አስረስ ሞቷል። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቁስለኛ ወታደር የምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ጠበቀኝ። በክራንች። ወደ ሐሙሲት፣ ወደ ቤቱ እየሄደ። ከአስረስ ጋር አንድ ምሽግ ነበርን አለኝ፤ በእጄ ቀበርሁት አለኝ። አውቶቡሱ ሊያመልጠው ሆነ፣ ሄደ። እኔ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ የተበጠሰ ክር ስቀጥል ዋልሁ።

ለእማዬ አልነገርሁም። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ትልቅ ሰው ቀድሞ ነው። ደግሞ ልቧ ደካማ ነው። ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመት፤ ከጳጉሜ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ብነግራት ትሞትብኛለች። ደብዳቤ የለም ወይ ትላለች፣ መንገዱ ተዘግቶ ነው እላለሁ። በየቀኑ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ሸሚዙ ካርቶኑ ውስጥ የለም። ቤቱን አገላበጥሁት። ያገኘሁት እንጨቱ ሣጥን ውስጥ፣ ከላይ።

እኔ አላስገባሁትም። ቀን ቀን እማዬን የምታያት ዘይነባ ናት፤ ጠየቅኋት፣ ሣጥንሽን በእጄ አልነካሁም ብላ ማለች። ሴትዮዋ አትዋሽም።

ወደ ካርቶኑ መለስሁት። የሞተ ሰው ልብስ ካሉት ጋር አደረ ማለት ነው። ማንን ሊጠራ? የዘይነባን ልጅ ቀሚስ አውጥቼ ወንበር ላይ አኖርሁት። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን አወጣሁት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

እንደገና! ካርቶኑን በገመድ አስሬው ነበር። ገመዱ ተፈትቶ፣ በደንብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሸሚዙ እንጨቱ ውስጥ።

ያስፈራኝ አስተጣጠፉ ነው። እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ኮሌታው ወደ ታች። እንዲህ የሚያጥፍ አስረስ ነበር። እኔ እንዲህ አላጥፍም።

መለስሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

እንቅልፍ የለኝም። ሥራ ላይ አለቃዬ ሁለቴ ተቆጣኝ። ይቆጣ።

አስረስ ምን ይፈልጋል? ለቅሶውን ነው። ሌላ ምን። የከለከልሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ሞቶ አንድ ቀን አልተለቀሰለትም፣ እኔ ጨርቅ እመድባለሁ።

ዛሬ እማዬ ብርድ ልብሷን አስመጣች። የሁላችንም ልብስ ቁራጭ ያለበት ነው። መካከሉን አስረስ ሲመጣ በእሱ ቁራጭ ይዘጋል ብላ አምና ክፍት አስተወችኝ። በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው። ብርድ ይገባበታል አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ጧት

ቆርቆሮው ውስጥ። ከአባዬ ካኪ ላይ። እጅጌው ወደ ውስጥ።

ጮህሁ። እማዬ ምን ሆንሽ አለች። አይጥ አልሁ። አይጥ ከሆነስ ደግ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሸሚዙን ካለበት አላነሣሁትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ከቀኑ 10 ሰ.

መብራት ጠፍቶ ቀደም ብለው ለቀቁን። በሩን ቀስ ብዬ ከፈትሁ፣ ተኝታ እንደሁ ብዬ።

እማዬ መሬት ላይ ናት። በእጇ እየዳኸች ሄዳ ቆርቆሮው ሥር ተቀምጣለች። ሸሚዙ ጉልበቷ ላይ። እጅጌውን ወደ ውስጥ ታጥፋለች። አስረስን ማን እንዳስተማረው ረስቼ ኖሯል።

«ቦታው እዚህ ነው አይደል?» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ማን ነገረሽ አልኋት።

«አንቺ ነሻ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ታሰጭው ነበር፣ ሲመጣ ይለብሰዋል እያልሽ። ከነሐሴ ወዲህ አላሰጣሽውም። ሽታው መጣብኝ። ወርጄ ዳሰስሁት፣ ሻግቷል። ለሚመጣ ሰው እንዲህ አይደረግም።»

መጀመሪያ ካሉት ጋር አስቀመጠችው። እኔ ዝም ብዬ ብተወው አስረስ በሕይወት አለ ማለት ነው ብላ። እኔ መልሼ ካርቶን ከተትሁት። አሁንም አስቀመጠችው፣ አሁንም አወጣሁት።

«በሦስተኛው ራሴው ወደ አባቱ ወሰድሁለት» አለች። «ምነው ልጄ፣ ብቻሽን ይኸን ያህል?»

እሷን ላድን ብዬ ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ድምፅ ሳናወጣ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ማታ 1 ሰ.

ዘይነባ ጋ ሄጄ ነገርኋት። አፏን በሻሿ ይዛ አለቀሰች። ነገ በማለዳ ሰው ሰብስባ ትመጣለች። እማዬ መርዶዋን እንደ አዲስ ትሰማለች፤ ወጉ እንዳይቀርበት ብላ። ሸሚዙ ለቅሶው መሀል ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቅደጂውና የብርድ ልብሱን መካከል ዝጊው ብላኛለች። እሺ ብያለሁ።

አሁን ደግሞ ከአልጋዋ ሆና ሸሚዙን ውጭ አስጪው ትለኛለች። መሽቷል፣ ምን ፀሐይ አለ አልኋት። ለነገ ነው አለች፤ ሰው ሳይደርስ የማለዳዋ ትምታው፣ የሻገተ ይዘን ለልጄ አናለቅስለትም።

የካርቶኑን ገመድ ልዘርጋ።