አንገቴ የዳነ ሰሞን

ጥቅምት 4፣ ጠዋት 1፡30

ዛሬም ሸሚዜን ያለበሰችኝ እማዬ ናት። የሃያ ስድስት ዓመት ሰው! ክንዴን ወደ ላይ ሳነሳ ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ ይወጋኛል። አራተኛ ዓመቱ። ቅቤው ታሸ፣ ዋግምቱ ተደረገ፣ ጠበሉ ተጠጣ፣ ወጌሻው ድርሻውን ወስዶ ሄደ። አንገቴ ግን ያው። ታይፕ ላይ ሳቀረቅር ውዬ ያመጣሁት በሽታ ነው፤ በምሠራበት የዲላ ቡና መ/ቤት ደብዳቤ አያልቅም።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለኝ። አዲስ ነርስ መጥታለች አሉ፣ ሲስተር አስካለ የምትባል። መቼም እንደሌሎቹ ዕረፍት አድርግ ብላ ነው የምትሸኘኝ።

ያው ቀን፣ 9፡00

ጉድ ነው ደብተሬ! ሲስተር አስካለ ለብርድ ብዬ የጠመጠምኩትን ፎጣ ከአንገቴ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። አንገትህ የደከመው ስላላሠራኸው ነው አለችኝ። አራት ዓመት እንዳይነካብኝ ስጠብቀው የኖርኩትን አንገት! በቀን ሦስት ጊዜ እንዳሠራው አዘዘች። አገጭን ወደ ኋላ መሳብ። መዳፍን ግንባር ላይ አድርጎ እጅና ጭንቅላት እንዲገፋፉ፤ እስከ አሥር መቁጠር። ትከሻን ወደ ኋላ መሰብሰብ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግራ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ማዞር። መጀመሪያ ትንሽ ያምሃል፤ እጅህን ከደነዘዘህ ግን ቶሎ ተመለስ አለች። ክኒን ብጠይቃት ሳቀችብኝ። ሴትዮዋ ጤነኛም አትመስለኝ።

ጥቅምት 6

ባሰብኝ። እማዬ ሲስተሯን ትረግማለች፤ እኔም አግዣታለሁ። ሦስቴም ሠርቻለሁ ግን። እልህ ነው።

ጥቅምት 19፣ ምሳ ሰዓት

ሲስተር ባለችው መሠረት ከታይፑ ሥር ጣውላ አድርጌ ከፍ አደረግኩት። የሚገለበጠውን ወረቀት ዓይኔ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። መ/ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ትናንት ሸሚዜን ራሴ ለበስኩ።

ኅዳር 8

ዞርኩ! ከቡሌ የሚወርድ የጭነት መኪና ከኋላዬ ጥሩምባ ሲነፋ በአንገቴ ዞሬ አየሁት። ድሮ ሙሉ ሰውነቴን ነበር የማዞረው። መንገድ መሃል ቆሜ ደግሜ ዞርኩ። ሾፌሩ እናቴን አንስቶ ሰደበኝ፤ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እማዬ ስትሰማ እልል አለች።

ኅዳር 12

ለስኳር ካርድ ማኅተም ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ደምሴ አንገቱን ይዞ ያቃስታል። ስብሰባው ነው የገደለኝ ይላል። አላስቻለኝም። አንድ በአንድ አሳየሁት። ጓዱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አገጩን ሲስብ፣ ግንባሩን በመዳፉ ሲገፋ! የበሩ ጥበቃም ጠመንጃውን አስደግፎ አብሮ ሠራ። ስወጣ ሊ/መ ራሱ በር ድረስ ሸኘኝ። ስፈራው የኖርኩት ሰው! ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ኅዳር 27

ሊ/መ ተሽሎታል። ገበያ ጥግ ጠርቶኝ በሰው ፊት አንገቱን እያዞረ አሳየኝ። አንተስ አለኝ። እኔም አዞርኩለት። ስንሳሳቅ ሰው ሁሉ ያየናል። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ታኅሣሥ 2፣ ጠዋት 3፡00

የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ተ.ቁ. 4 እኔ ነኝ። ሦስቴ አነበብኩት። ባለፈው ዙር ሐኪሙ አንገቱ አይዞርም ብሎ ጽፎ መልሶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠራኝ የለም፤ ነገሩን ጭራሽ ረስቼው ነበር። እንዴት ያለ ጅል ነኝ! ይህ እንዴት ይረሳል?

ያው ቀን፣ 5፡00

ስሕተት ይሆናል ብዬ ሊ/መ ዘንድ ገባሁ። ተነስቶ አቀፈኝ! ኮሚቴው ፊት የመሰከረልኝ ራሱ ነው። ይህ ልጅ በበሽታ ተመልሶ ከእኩዮቹ በታች ሆኖ ኖሯል፣ አሁን ድኗል፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ አስገባኝ። ውለታ መመለሱ ነው ደብተሬ! ሀፍረቴን ያነሳልኝ መስሎታል። ክፋት ቢኖርበት በሆዴ እሰድበው ነበር። ፊቱ ላይ ግን ደስታ ብቻ ነው። አመሰግናለሁ ብዬው ወጣሁ። አዎ፣ አመሰገንኩት! ማን አስተምር አለኝ? አፌን ምን ከፈተው?

ታኅሣሥ 3

እማዬ ሰማች። አንገቴን በሁለት እጇ ይዛ ምነው ባልዳነ ብላ አለቀሰች። አራት ዓመት ስትሳልለት የኖረችውን አንገት! ታላቅ ወንድሜ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከሁለታችን ሌላ ልጅ የላትም። ሐኪሙ አዙር ሲልህ እንዳታዞር አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ልበላት?

ታኅሣሥ 5

ሲስተር አስካለ ዘንድ ሄድኩ። አንገቴን ግራ ቀኝ አዙራ አይታ ደስታዋን አልቻለችውም። ያኔ ነገርኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። አልዳነም ብለሽ ጻፊልኝ አልኳት፤ አይሆንም፣ የሌለ በሽታ አልጽፍም አለች። ልወጣ ስል ግን ሐኪሙ ውስጡን የሚያይበት መሣሪያ የለውም አለችኝ። አልችልም ካልክ የሚጽፈው ያንኑ ነው። ሁሉም ነገር በኔ አፍ ላይ ነው ማለት ነው። ደስ አለኝ። አልዋሽህም ደብተሬ፣ ከደስታዬ ብዛት ጮክ ብዬ ልዘፍን ምንም አልቀረኝ።

ታኅሣሥ 7

ያን ቀን ደንግጬ ዝርዝሩን እስከ ታች አላየሁትም። ዛሬ አየሁት። ከሥሩ ተጠባባቂ የሚል አለ። ሐኪም አንድ ሰው ከመለሰ ተጠባባቂ ቁ. 1 ይተካዋል። ቁ. 1 ነስሩ ነው! በአጥር የምንዋሰነው ልብስ ሰፊው ነስሩ። ሚስቱ ዘይነባ በዚህ ወር ትወልዳለች፤ የመጀመሪያቸው ነው። በር ላይ እንደ ተገተርኩ ቀረሁ።

9፡30 ላይ ነስሩ ራሱ መጣ። ሜትሩ ትከሻው ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው። ቁጭ በል ብለው እንቢ አለ። አንገትህ እውነት ድኗል ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አንዳንድ ቀን ይብስብኛል አልኩት። ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት! አላህ ይማርህ ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናው ድምፅ አልተሰማም።

ታኅሣሥ 9፣ ከቀኑ 11፡00

ምርመራው ነገ ጠዋት ነው።

ዛሬ ዘይነባ ጓሮ ቆማ ነስሩ ለሕፃኑ የሰፋቸውን ትንንሽ ልብሶች ስታሰጣ አየኋት። ወገቧን ይዛ ቀና አለችና ግርማ እንዴት ዋልክ፣ እማማስ እንዴት ናቸው አለችኝ። ትስቃለች። ነስሩ ምንም አልነገራትም! ክው አልኩ። ሰላምታዋን እንኳ በወጉ ሳልመልስ ቤት ገባሁ።

እፈራለሁ ደብተሬ። ጀግና አይደለሁም፤ መሄድ አልፈልግም። የወንድሜ ደብዳቤ እንደ ተቋረጠ ነው። ግን ነስሩ በኔ ውሸት ቢሄድ እዚህ ግቢ ውስጥ እንዴት አድርጌ ነው የምኖረው? ያ ልጅ ተወልዶ ሲያለቅስ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል።

ቆርጫለሁ። ሐኪሙ አዙር ሲለኝ አዞራለሁ። በግራም በቀኝም፣ እስከ ጫፍ። ለነስሩ አልነግረውም፤ ለሲስተርም። እማዬን ግን ዛሬ መንገር አለብኝ፣ ነገ ከሰው አፍ ከምትሰማው።

እየጠራችኝ ነው። ሐኪሙ ሲነካኝ እንዴት እንደማቃስት ልታለማምደኝ ነው። ወንበሩን መሃል ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ግርምዬ፣ ና እንጂ፣ ሳይመሽ ትላለች። ደብተሬ፣ ምን ብዬ ነው የምነግራት?