የሁሉም አባት፣ የእኔ ባል

ውዴ ሙሌ፣

ከተለየኸኝ አንድ ክረምት አለፈ፤ ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ አሁን ሰማዩ ለሁለተኛው ክረምት እየጠቆረ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ተቆጥቼ ስለነበር ነው። የተቆጣሁት በአንተ አይደለም። አንተን በተካፈሉኝ ሁሉ ነው፤ ከእግዚአብሔር ጀምሮ።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርህ። የማድ ቤቱን ቆርቆሮ አስቀየርኩት፤ አሁን አያፈስም። ቀይዋ ላም ወይፈን ወለደች። ከጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ ለተዝካርህ አስቆረጥነው፤ አሁን ከበር ቆሜ የአርዲቦ ሐይቅ ይታየኛል። ስልክህን ግን አልዘጋሁትም። ዛሬም ይጠራል። ሳነሳው ሃሎ እንኳ ሳልል «አባ፣ ይፍቱኝ» ይላሉ። «አባ አርፈዋል» ስላቸው ያለቅሳሉ፤ እኔው አጽናናቸዋለሁ። «አባታችንን ቀበርን» ይሉኛል። ባሌን መቅበሬን ማንም አያነሳውም።

የመጨረሻዋን ሰዓት እንኳ አልተዉልኝም። ደሴ ሆስፒታል የተኛህ ጊዜ ኮሪደሩ በንስሐ ልጆችህ ተሞልቶ ነበር። አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ፣ በደከመ እጅህ መስቀሉን ታሳልም ነበር። እኔ ሙቅ ይዤ በር ላይ ተራ እጠብቃለሁ። ተራዬ ሲደርስ እንቅልፍ ወስዶህ አገኘሁህ፤ ከዚያ እንቅልፍ አልነቃህም። ለልቅሶ የመጣች ጎረቤታችን ሐዋ እንኳ አቅፋኝ «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያጥናሽ። ወላሂ ቄሱ ያንቺ ብቻ አልነበሩም፣ የኛም ነበሩ» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከእቅፏ ወጥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ያንቺ ብቻ አልነበሩም! ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ከሰርጋችን በኋላ የደብራችን አሮጌው ቄስ ያረፉ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አንተ ገና ዲያቆን ነበርክ፣ ቀን ታርሳለህ። ሕፃን የሚያጠምቅ፣ ሙት የሚፈታ ጠፍቶ ሰዉ ከሌላ ደብር ቄስ ይለምን ጀመር። አንድ ቀን ሞፈሩን ከትከሻህ ሳታወርድ ደጃፍ ቆመህ «ጠርቶኛል» አልከኝ። «ማን?» ብልህ «እግዚአብሔር» አልክ። «እኔስ አልጠራሁህም?» አልኩህ። አንተ ሳቅህ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ከቅስና በኋላ በየዓመቱ ለሱባኤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ትሄዳለህ። በሶህን ቋጥሬ፣ ሴት የማያልፍበት ቦታ ድረስ እሸኝህ ነበር። ነጠላህ በዛፎቹ መሐል እስኪሰወር ቆሜ አይሃለሁ። ስትመለስ ሰውነትህ ከስቶ ፊትህ ግን የሆነ ብርሃን ይኖረዋል። ሰው ሁሉ ያን ፊት አይቶ እግርህ ላይ ይወድቃል። እኔ ደግሞ እዚያ ምን አግኝቶ ነው፣ እኔ ዘንድ ያጣው ምንድን ነው እያልኩ በሆዴ እቃጠላለሁ። በእነዚያ ዛፎች ቀንቻለሁ። በመነኮሳቱ ቀንቻለሁ። በውሃው ሳይቀር።

ቅድስናህ ሌላው ጠላቴ ነበር። ከሐይቅ ገበያ ስትመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብለህ፣ ለእህል ነጋዴው ክፉ ቃል ተናግሬዋለሁ ብለህ፣ ይቅርታ ልትጠይቀው ተመልሰህ የሄድክበት ቀን አለ። እኔ ምሳ አቅርቤ ስጠብቅ ወጡ ቀዘቀዘ፤ አሙቄው እንደገና ቀዘቀዘ። ስትደርስ ፊትህ እንደ ሕፃን ፊት በርቶ ነበር። «ይቅር አለኝ» አልከኝ። እኔን ስላስጠበቅኸኝ ግን ይቅርታ አልጠየቅኸኝም። እኔን ራስህ አድርገህ ነበር የምትቆጥረኝ፤ ለራስህ ደግሞ አትራራም።

ልጃችንን ኤልያስን ኩፍኝ የያዘው ጊዜ ግን ዛሬም ይቆረቁረኛል። ልጁ በትኩሳት ሲቃጠል፣ ከአርዲቦ ማዶ ሁለት ቤተሰብ ደም ሊቃባ ነው ብለው መጡብህ። መስቀልህን አንስተህ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ ዘጋሁብህ። «እግዚአብሔርን ትቼልሽ ነው የምሄደው» አልከኝ። «እኔ የፈለግሁት አንተን ነው» አልኩህ። ግንባሬን ሳምከኝ። እኔም ከበሩ ዞር አልኩ። ልጁ ዳነ፣ ሰዎቹም ታረቁ። ሁሉም መልካም ሆነና የእኔ ንዴት መውጫ አጣ።

ከሁሉ ያስቀናችኝን ሴት አሁን ስሟን ልጥራው። ሐይቅ ከተማ ዓሣ የምትጠብሰውን አበቡን። ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቤቷ ትሄድ ነበር። ሰው አፉን ከፈተ። እኔም ጠየቅሁህ። «የንስሐ ልጄ ናት» ብለህ ዘጋኸው፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አላወጣህም። በተዝካርህ ዕለት ራሷ መጣች። እኔ በቆምኩበት ወጥ ማውጣት ጀመረች፤ ሰዉ ሲበተን አጠገቤ ተቀመጠችና አጫወተችኝ። ልጇ ወደ ሳዑዲ ብሎ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ በረሃ ላይ ጠፍቷል። ሬሳውን ያየ የለም፤ ስለዚህ ልቅሶ አልቀመጥም፣ ጥቁር አልለብስም ብላ በሯን ዘግታ ነበር።

«አባ ይመጣሉ፣ አይመክሩኝም» አለችኝ። «ከልጄ መደብ ላይ ይቀመጣሉ። ዝም እላለሁ፣ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ጫማውን አውጥቼ አሳየኋቸው። ያን ጊዜ አለቀሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ ነው እኔም ማልቀስ የቻልኩት።»

እውነቱን ሰምቼ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ጥርጣሬው በርግጥ ወጣልኝ። ነገር ግን፣ ሙሌ፣ በእንባህ ቀናሁ። አንድ ቤት ስንኖር አንተን ስታለቅስ አይቼህ አላውቅም። ያባቴን ሞት ባረዱኝ ቀን እንኳ አጽናናኸኝ እንጂ አላለቀስክም። የእኔ ሊሆን የሚገባው እንባ አበቡ ቤት ነበር የፈሰሰው። ሴትዮዋን ግን መጥላት አልቻልኩም። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኤልያስ ቅስና ልቀበል አለ። እንደ አንተው፣ በአንድ ቃል «ጠርቶኛል» አለኝ። ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ይዟል ብዬ ልቤ ያረፈው በከንቱ ነበር። የቀረኝን አንዱን ደግሞ ሊወስድብኝ ነው ብዬ ለሳምንት አኮረፍኩት። ያጫት ልጅ ፍሬሕይወት ናት፣ የአምባሰል ልጅ፤ ዓይነ አፋር ብትሆንም ፍርሃት የላትም። አንድ ከሰዓት ብቻዋን መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። «እማማ፣ የቄስ ሚስት መሆን እንዴት ነው? እውነቱን ይንገሩኝ» አለችኝ።

ሙሌ፣ ልጅቱን በአንድ ቃል ማስቀረት እችል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ከዚህ የጻፍኩልህን ሁሉ ነገርኳት፤ ወጡን፣ ሆስፒታሉን፣ አበቡን። አንገቷን ደፍታ ሰማች። ስጨርስ «አንድም ቀን የእርስዎ ብቻ አልነበሩም?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ግሸን የወጣንበት ቀን መጣብኝ። ከአውቶቡስ ወርደን ዳገቱን ስንጀምር ሰዉ እየከበበ መስቀል አሳልሙኝ ይልህ ነበር። በየርምጃው ትቆማለህ፣ እኔ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ድንገት ዞር ብለህ አየኸኝ። ጥምጥምህን ፈታህ፣ መስቀልህን ከኮትህ ኪስ ከተትከው፣ እጄን ያዝከኝ። «ዛሬ ያንቺ ነኝ፤ ካህኑ ከላይ ይጠብቀን» አልከኝ። ያን ገደል እንደ ማንም ባልና ሚስት እየተጎተትን፣ እየሳቅን ወጣን። አንድ ሽማግሌ እንኳ «ልጄ፣ ሚስትህን ቀስ አድርጋት» ብለውሃል፤ ቄስ መሆንህን አላወቁም።

ይህንንም ነገርኳት። ከዚያ «ግቢበት» አልኳት። «ግን መስቀሉን ኪሱ የሚከትበት ቀን ሳትለምኝ አትቅሪ። እኔ አለመንኩም ነበር። ሳልለምን አንድ ቀን ከሰጠኝ፣ ብለምን ስንት በሰጠኝ።» ይህ ከአፌ ሲወጣ እኔም ገና መስማቴ ነበር።

በቁርባን ተጋቡ። ከዚያ ደሴ ሄዶ ከአቡኑ እጅ ክህነት ተቀበለ። ሲመለስ የወለድኩትን ልጅ መስቀል ተሳለምኩ። እጁ የአንተን እጅ ይመስላል፤ እሱም አስቀናኝ፤ ያን እጅ የሚስመው ደግሞ ሕዝቡ ነው። በማግስቱ እቤት ተሰብስበን ምሳ ልንበላ ስንል ሰው መጣ። የታመመች አሮጊት አለች፣ ይድረሱላት አለ። ኤልያስ መጀመሪያ ሚስቱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። ፍሬሕይወት የቆረሰችው እንጀራ እጇ ላይ ቀረ። እኔ ተነስቼ ነጠላውን አቀበልኩትና «ሂድ ልጄ» አልኩት። ከዚያ ከእሷ ጎን ተቀመጥኩ። እስኪመለስ ድረስ አብረን ቆየን፤ ምሳውንም ሳይቀዘቅዝ በላነው። ለእኔ በዚያን ዘመን ከጎኔ የሚቀመጥ አልነበረኝም። ለእሷ እኔ አለሁላት።

አንተን ግን አልረሳህም። ደብሩ በቅዳሴ ስምህን ይጠራል፤ አበቡ እንባህን፣ ሐዋ ደግነትህን፣ ያ ነጋዴ ይቅርታህን ይዘዋል። ይያዙት፣ አልጠይቃቸውም። ለእኔ የቀረልኝ ሌላ ነው። ጠዋት ጓሮ ስትወጣ፣ ሰው የሌለ መስሎህ፣ ቄስ አይዘፍንም የሚለውን ረስተህ፣ በአምባሰል ቅኝት ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ታንጎራጉር ነበር። ዜማው መሐል ላይ ሁልጊዜ ይጠፋብሃል። እኔ በሩ ኋላ ቆሜ፣ እንዳትሰማኝ እስትንፋሴን ይዤ፣ የጠፋብህን በልቤ እሞላልህ ነበር። ያን ድምፅ ወደ አንተ እስክመጣ ድረስ እንደያዝኩት እኖራለሁ። ለኤልያስም አልነገርኩት፤ ለማንም አላካፍለውም።

ሚስትህ