የእትዬ ጣትና አዲሱ ኦቨርሎክ

ኅዳር 3
ሁለት ቀሚስ ቆረጥኩ። አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከምሳ በኋላ ያዘዝኩት የጠርዝ ማሽን፣ ኦቨርሎኩ፣ መጣ። አራት ክር ነው የሚበላው። የጨርቁን ጠርዝ በቢላው እየከረከመ እዚያው ይዘመዝመዋል።

እትዬ ከመስኮቱ ስር ሆና ቀና ብላ አየችውና "ይሄን ሁሉ አፍ ማን ሊያጎርሰው ነው?" አለች። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ወደ መርፌዋ ተመለሰች።

ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ ጠርዝ በእጇ የምትዘመዝምልኝ እሷ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷው። አሁን የጣቶቿ መገጣጠሚያ አብጧል፤ ሐኪሙ "መርፌ ይብቃሽ" ብሏታል። "በቃ፣ ከእንግዲህ ታርፊያለሽ" አልኳት። አዲስ ክር መርፌዋ ውስጥ አስገባች... ደስ ብሏት ይሆን?

ኅዳር 4
እግሬ አስቸገረኝ። ዕድሜ ልኬን የእግር ማሽን ስረግጥ ኖሬ፣ ይሄኛው በኤሌክትሪክ ነው። ነካ ሲያደርጉት ይበራል። እኔ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት... ማሽኑ እንደ ደነገጠ ፍየል ዘሎ ይቆማል፣ ዘሎ ይቆማል።
እትዬ ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል "ቀስ በል፣ አያመልጥህም" አለች።

ኅዳር 6
ክር ሰባት ጊዜ ተበጠሰ። መካኒኩ ጋ ደወልኩ። "አባባ፣ መጀመሪያ የታችኞቹን ክሮች ያስገቡ፣ የመርፌውን መጨረሻ" አለኝ። አባባ?! እኔን?

ከሰዓት ሠራ። ቁራጭ ጨርቅ ዳር እስከ ዳር ዘምዝሜ ለእትዬ አሳየኋት። በጣቷ ዳሰሰችው። "ያምራል" አለች። መርፌዎቿን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄደች። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ኅዳር 7
አልመጣችም። "ራሴን አሞኛል" ብላ ደወለች።

ኅዳር 8
ዛሬም ቀረች። ቤቷ ሄድኩ። ራሷን ምንም አላላትም። አልጋው ላይ ተቀምጣ ምንም ያልሆነውን የመጋረጃዋን ጠርዝ ተርትራ እንደገና ትዘመዝማለች... በዚያ ባበጠ ጣት!
"ለጣትሽ ብዬ እኮ ነው ያመጣሁት።"
"ለጣቴስ ይሁን። እኔ የት ልዋል?"
አንጀቴን በላችው። ጣቷን እንጂ እሷን መች አሰብኳት?

ኅዳር 10
ጉድ ሆንኩ። የአንዲት መምህር ቀሚስ... ጨርቁ ከስር ተጣጥፎ ኖሮ ቢላው ፊት ለፊቱን ቀደደው። የጣት ያህል ቀዳዳ! ነገ ልትወስደው ትመጣለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀሚሱን ይዤ እትዬ ጋ ሄድኩ።
"ስር ስሩን አልዳበስክም?"
"አልዳበስኩም።"
ሹራቧን ደረብ አድርጋ ቀድማኝ ወጣች።

ሱቅ ደርሰን ቀዳዳው ላይ ኪስ አደረግንበት፤ እንዲመሳሰል በሌላውም በኩል። የቀረውን ጠርዝ በኦቨርሎኩ ልጨርስ ተቀመጥኩ። እሷ እጇን ከጨርቁ ስር ሰዳ ትዳብስልኛለች። እግሬ ግን ያው ተረከዝ፣ ጣት...
"ቆይ እስቲ፣ ተነስ።"
ተነሳሁ። ተቀመጠች። ጨርቁን በመዳፏ ዘርግታ፣ ፔዳሉን ቀስ አድርጋ... አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። እኔ ሳምንት ሙሉ የታገልኩበት!
"ይሄ እኮ መርፌ መቆንጠጥ የለበትም፣ መዳፍ ይበቃዋል" አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። "ለምን መጀመሪያውኑ አላሳየኸኝም?"
እንድታርፍ እንጂ እንድትማር አላሰብኩም። አፈርኩ። "ይቅር በይኝ፣ እትዬ" አልኳት። "የማትረባ!" ብላ ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ።

ኅዳር 11
ለመምህሯ እውነቱን ነገርኳት። እጆቿን ኪሶቹ ውስጥ ከተተች፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች፣ "ኪስማ ይሻላል" ብላ ሄደች። ተረፍኩ።

ኅዳር 19
ሰሞኑን እትዬ በር ላይ ቀድማ ትጠብቀኛለች። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፤ ጠርዝ የእሷ ነው። ጣቷም ትንሽ ተሻላት።

ዛሬ ገና ቦርሳዋን ስታስቀምጥ፣ እጄን ላፍታታ ብዬ ኦቨርሎኩ ፊት ቁጭ አልኩ። መጥታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።
"ተነስ ከወንበሬ!"
ወንበሬ አለች... ደስ እያለኝ ተነሳሁ።