አባባ ከዝርዝሩ የወጣበት ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሴምቢ፣ ዶሃ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ሙቀቱ በረታብህ ወይስ ለመድከው? የሚያበላህስ አለ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመናል፤ ይህም መቆም ከተባለ። ስልክህ መጥራት ካቆመ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። የአክስታችን ልጅ ሙኬኒ ከዶሃ ለእረፍት መጥታ «አንድ ሆቴል በር ላይ በጥበቃ ልብስ አየሁት፣ ሳልደርስበት ገባ» ስትለን፣ እናታችን መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሙኬኒ ነገ ስለምትመለስ፣ እዚያው ሆቴል ፈልጋ እንድትሰጥህ ይህን በእጇ ሰድጃለሁ።

ዝናቡ ለአራተኛ ጊዜ ከዳን። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ፤ ማሾው ጭራሽ አላበበም። ውሃ የምናገኘው የወንዙን አሸዋ ከሰው ቁመት በላይ ቆፍረን ነው። ሁለቱን በሬዎች በአንድ በሬ ዋጋ ሸጥናቸው፤ አጥንታቸው ይቆጠር ነበርና ገዢውም አልተሳሳተም።

ባለፈው ወር መንግሥት ሰብሉ ለጠፋበት ገበሬ የአስቸኳይ እርዳታ ገንዘብ እንደሚሰጥ ተነገረ። የአባባ ስም ተመዝግቦ ነበር። ነገር ግን ስሞቹ መጀመሪያ በሕዝብ ፊት ይነበባሉ፤ ተቃውሞ ያለው ይናገራል። ከሹሙ ቢሮ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። የአባባ ስም ሲነበብ ያቺ በድንበር የምንጣላት ጎረቤታችን ሾካኡ ብድግ አለች። «ውጭ አገር ልጅ ያለው ሰው ከእኛ ጋር ምን ያሻማዋል? ለእኔ የሚልክልኝ ማነው፣ የሞቱት ፍየሎቼ?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከካውንቲው አስተዳደር የመጣችው ሠራተኛ በትሕትና «አባቴ፣ ልጅዎ ይልክልዎታል?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ክንዱን ይዤ «አይልክም በል፤ እውነት ነው» አልኩት በሹክሹክታ። እሱ ግን በምርኩዙ ተደግፎ ተነሳና «ልጄ አባቱን የሚረሳ አይደለም። ይልካል» አለ። ስሙ ተሰረዘ።

ሙሴምቢ፣ አልደብቅህም፤ ያን ጊዜ ጠላሁህ። መንገድ ላይ አባባን ጮኽኩበት። «አንድ ሳንቲም ለማይልክ ልጅ ብለህ! ኩራት ይቀቀላል?» አልኩት። «ስሙን በአደባባይ ካዋረድኩት በየት በኩል ይመለሳል?» አለኝ።

ገንዘቡ በተከፈለ በሦስተኛው ቀን ሾካኡ በቆሎና ባቄላ በአህያ ጭና መጣች። ለካ ያን ቀን ከኋላችን ስትመጣ ጩኸቴን ሰምታለች። «የሚልክ መስሎኝ እኮ ነው፣ ልጄ» አለችኝ ዓይኔን ሳታይ። «ከእኔ ነው ብትይው አይቀምሰውም። ሙሴምቢ ላከ በይው።»

እንዳለችኝ ለአባባ ነገርኩት። በማን እጅ እንደመጣ አልጠየቀኝም። በቆሎና ባቄላውን ቀላቅለን፣ ኢስዮ ቀቅለን ስናቀርብለት፣ ሳይቀምስ ስምህን እየጠራ መረቀህ። ምግቡ እስኪቀዘቅዝ መረቀህ። እኔ ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ቆምኩ።

ገንዘብ ላክ አላልኩህም። ሥራ አጥተህም ከሆነ፣ አሠሪህ ከልክሎህም ከሆነ፣ አፍረህም ከሆነ ንገረን። እኛም ባዶ እጃችንን ነን፤ ማን ማንን ይታዘባል? እኔ ግን መዋሸት ደከመኝ። በእጅህ አንድ መስመር ጽፈህ ለሙኬኒ ስጣት።

እናታችን ጉልበቷን እያመማት ነው፤ ትስምሃለች። ታናሻችን ንዱኩ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ መልክህን ረሳሁት እያለች፣ መርሳት በመቻሏ ታስቀናኛለች። ሾካኡም ሰላም በይልኝ ብላለች። አባባን ምን ልበልልህ ብዬ ብጠይቀው ሰላምታ አልሰጠኝም። «ለምን አልላክህም ብለሽ እንዳትጽፊ» ብቻ አለኝ።

እህትህ ካሉኪ
ኪቱይ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 2022